ልጅዎ ስልክ ሲይዝ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ልጆች የወሲብ ምስል መጀመሪያ የሚያጋጥማቸው ሳይፈልጉት ነው። የተሳሳተ ቃል ጽፈው ሲፈልጉ፣ ጓደኛ የላከውን ሊንክ ሲነኩ፣ ካርቱን እያዩ ማስታወቂያ ብቅ ሲል ያዩታል። «የእኔ ልጅ ጨዋ ነው» ማለት እውነት ቢሆንም ከዚህ አያድነውም።

የልጁን ዕድሜ በውሸት መሙላት

ለእኔ የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ስልክ ስንገዛ ባለሱቁ ፈጠን ብሎ ጂሜይል ይከፍትልናል፤ የትውልድ ዘመን ሲጠየቅ የመጣለትን ይሞላል። ያንን ስልክ የ9 ዓመት ልጅ ሲይዘው ጉግል የሚያውቀው አንድ ጎልማሳን ነው። እኛ ራሳችን ስንሞላም እንሳሳታለን። ቅጹ የሚጠይቀው የፈረንጆቹን ዘመን ሆኖ ሳለ የኢትዮጵያውን ስንጽፍ ልጁ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመርበታል፤ የ11 ዓመቷ ልጅ በአንድ ጊዜ ለአቅመ አዋቂ ትደርሳለች።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉግል ተጠቃሚው ከ18 ዓመት በታች መሆኑን ሲያውቅ ሴፍሰርች የሚባለውን ማጣሪያ በራሱ ያበራል፤ ዩቲዩብም ለአዋቂዎች ብቻ የተባሉ ቪዲዮዎችን አይከፍትለትም። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉት የግል መልእክት መላላኪያውን ይዘጋል። በውሸት ዕድሜ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ፋሚሊ ሊንክ የተባለውን የጉግል አፕ በራስዎ ስልክ ላይ ይጫኑና ለልጁ በእውነተኛ ልደቱ አዲስ አካውንት ይክፈቱለት፤ የድሮውን ከስልኩ ያውጡት። ከዚያ በኋላ አፕ ሊያወርድ ሲል ፈቃድ የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ። የሚያየውን መዝግቦ የማያስቀረው ኢንኮግኒቶም ክሮም ላይ አይከፈትለትም። ፈቃድ የሚሰጡበትን ፓስዎርድ ግን ለልጁ አይስጡት። ውጭ አገር ቋንቋው የሚከብዳቸው ወላጆች ቤት የሁሉንም ስልክ የሚያስተካክለው ልጁ ራሱ ይሆንና፣ ቁልፉ ጥበቃ የሚያስፈልገው ልጅ እጅ ላይ ያርፋል። ዘመድ ወይም ጎረቤት ጠይቀውም ቢሆን እርስዎ ይያዙት።

ቴሌግራምን መርሳት

የጉግል ማጣሪያ ቴሌግራም ውስጥ አይሠራም። እኛ ዘንድ ደግሞ የትምህርት ቤት ወርክሺትም፣ መዝሙርም፣ ፊልምም የሚመጣው በዚያው ስለሆነ ጨርሶ መከልከል ይከብዳል። ቢያንስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ልጁን ግሩፕ ላይ መጨመር የሚችሉት በስልኩ የተመዘገቡ ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ያድርጉ። ምስልና ቪዲዮ በራሱ ወርዶ ጋለሪ ውስጥ እንዳይቀመጥም ያጥፉት።

ትንንሾቹ የሚነካኩት የእናት የአባታቸውን ስልክ መሆኑንም አይርሱ። አንድ ሰው ለጎልማሶች ግሩፕ «ለሳቅ» ብሎ የላከውን ቪዲዮ ቀድሞ የሚከፍተው የ4 ዓመቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም የራሱ መቆለፊያ ስላለው ይጠቀሙበት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሚላክበት ግሩፕም ይውጡ።

የቤቱን ዋይፋይ ብቻ ዘግቶ መርካት

ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ላይ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 1.1.1.3 መሙላት ጥሩ ነው፤ ክላውድፍሌር የተባለ ኩባንያ የሚሰጠው ይህ ነፃ አገልግሎት የወሲብ ድረ ገጾችን ያግዳል። ልጁ የሞባይል ዳታ ከከፈተ ግን አይሠራም፤ እገዳ ማለፊያው ቪፒኤን ካለውም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ሲታገድ ቪፒኤን ያልጫነ ወጣት ማግኘት ከባድ ነበር። የልጅዎ ስልክ ላይ ካለ ያጥፉት።

ሲያይ የተያዘን ልጅ መደብደብ

ማጣሪያ ሁሉ አንድ ቀን ያመልጠዋል። ያን ቀን ልጁ ወደ እርስዎ ይመጣል ወይስ ይደበቃል? የሚወስነው የእርስዎ ቁጣ ነው። ቀበቶ ያነሣ አባት ልጁን ከማየት አያስቆመውም፤ ቀስ ብሎ በር ዘግቶ እንዲያይ ያስተምረዋል። ነውር ነው ብለን ዝም ባልን ቁጥር ስለ ገላው የሚነግረው ያው ቪዲዮ ብቻ ይሆናል። በተረጋጋ ድምፅ «ምን አየህ የኔ ልጅ? ማን ላከልህ? እንኳን ነገርከኝ» ይበሉት። ከዚያ ያየው ነገር ለካሜራ የተሠራ እንጂ ሰው ከሚወደው ጋር የሚኖረው እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የላከው ሰው መሆኑን ያስረዱት።

ቁጣው የከፋ ጉዳት የሚያመጣው የማያውቁት ሰው ሲገባበት ነው። በጨዋታ ወይም በቻት የተዋወቀ ሰው የራቁት ፎቶ ያስልክና «ሌላ ካልላክሽ ለእናትሽ አሳያለሁ» ይላታል። ከዚያ ሰው ይልቅ ቤቷን የምትፈራ ልጅ ሁለተኛውን ትልካለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ገንዘብ አይክፈሉ፣ ከሰውየው ጋር አይደራደሩ፤ ቻቱን ሳያጠፉ አካውንቱንና ስልክ ቁጥሩን መዝግበው ለፖሊስ ያመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን እንዲህ ያለ ድርጊት በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ፎቶውን ግን «እዩልኝ» ብለው ለዘመድ እንኳ አያስተላልፉት፤ የሕፃንን የወሲብ ምስል ማሰራጨት በዚያው አንቀጽ ወንጀል ነው።