አሮጌ ትሬሞሊኖ አልሄድ ስትል

ትሬሞሊኖ አሜሪካዊው ዲክ ኒውዊክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነደፋት ባለ ሦስት ቀፎ (ትራይማራን) የሸራ ጀልባ ናት፤ ቀፎ የምንለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የጀልባ አካል ነው። ርዝመቷ 7.2 ሜትር ገደማ ነው። ኒውዊክ ፍጥነት፣ ምቾትና ርካሽ ዋጋ ሦስቱም ባንድ ጀልባ አይገኙም፣ ሁለቱን ምረጡ ባይ ነበር። እዚህ ላይ የተወው ምቾትን ነው። የመሀሉን ቀፎ ቀጭንና ቀላል አድርጎ ነደፈ። የግራና የቀኝ ተንሳፋፊዎቹን፣ ምሰሶውንና ዋናውን ሸራ ደግሞ ሆቢ 16 ከተባለችው ትንሽ ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ፣ ወሰደ።

ይኸው ሰው የነደፋት ሞክሲ የተባለች ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1980 ውድድር የ65 ዓመቱን ፊል ዌልድን አትላንቲክን ለብቻው አሻግራ ለድል አብቅታዋለች። ከ18 ቀን ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀችው። የኒውዊክ ጀልባዎች ጉልበት ቅለታቸው ነው። ስለዚህ ችግር ስትፈልጉም ከክብደት ጀምሩ።

በቀላል ነፋስ ትጎተታለች

ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሸራውን ነው። አዲስ ሸራ ተገዝቶ፣ ብዙ ብር ወጥቶ፣ ጀልባዋ ያው ስትሆን ማየት ያሳዝናል። እባካችሁ መጀመሪያ ከተንሳፋፊዎቹ ኋላ ያለውን ውታፍ ንቀሉ። አንድ ጄሪካን ውሃ ከወጣ 20 ኪሎ ተሸክማ ነበር ማለት ነው።

ውሃው በየት ገባ? ጎሚስታ የሚያፈስ ጎማ በሳሙና እንደሚፈልገው አድርጉ። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀቡና በውታፉ ቀዳዳ በአፋችሁ ንፉ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። ኮምፕሬሰር እንዳትጠቀሙ፤ መጋጠሚያውን ይፈነቅለዋል።

ቀጥሎ የተንሳፋፊውን ጀርባ በጣታችሁ አንኳኩ። ጤነኛው ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ድፍን ካለ፣ ስትጫኑትም እጃችሁ ሥር ስምጥ ካለ፣ ፋይበር ግላሱ ከውስጡ ፎም ተላቋል። መጀመሪያ በደንብ አድርቁት። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ዳር አውጥተው አቁመው ያደርቁት የለ፣ እዚህም ያው ነው። ከዚያ በትራፓኖ የላይኛውን ሽፋን ብቻ የሚበሱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ክፈቱ። ኢፖክሲ የተባለውን ማጣበቂያ በስሪንጅ ጨምሩ። በአንዱ ስትገፉ በጎረቤቱ ብቅ እስኪል ድረስ ቆዩ፤ ብቅ ሲል በፕላስተር ሸፍናችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ ሥራ አይደለም።

አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ትቀብራለች

ይሄ ቀልድ አይደለም። የሆቢ ተንሳፋፊ ፊቱ ቀጭን ነው፤ ለትንሽ ካታማራን የተሠራ ነው። ዛሬ በሚሠሩ ብዙ ትራይማራኖች ላይ አንዱ ተንሳፋፊ ብቻውን ጀልባዋን ከነጭነቷ ተሸክሞ ይተርፈዋል። የዚያ ዘመኖቹ ብዙዎቹ እንዲህ አልነበሩም።

ነፋሱ ጠንከር ሲል ጀልባዋ ባጋደለችበት በኩል ያለውን ተንሳፋፊ ተመልከቱ። ውሃው የፊት አግዳሚውን፣ ማለትም ተንሳፋፊውን ከመሀሉ ቀፎ የሚያያይዘውን፣ መላስ ሲጀምር ዘግይታችኋል። ሰው ሁሉ ወደ ኋላና ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ይጠጋ። ዋናውን ሸራ ላላ አድርጉ። ሸራ መቀነስ ካለባችሁም ባሕሩ ሳይናወጥ ቀድማችሁ ቀንሱ። በትንሽ ነፋስም ከቀበረች ወደ ውታፉ ተመለሱ፤ ውስጥ ያለ ውሃ ወደ ፊት ይሮጣል። ከሥሯ ሚዛን የሚጠብቅ የእርሳስ ክብደት ስለሌላት አንዴ ከተገለበጠች በራሷ አትነሳም።

ትንቋቋለች፣ ወደ ነፋሱም አልጠጋ ትላለች

ሁለቱ ባንድ ላይ ከመጡ አግዳሚዎቹ ከቀፎው የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። ዳር ላይ ቆማ አንድ ሰው የተንሳፋፊውን ጫፍ ከፍ ዝቅ ያድርግ። እናንተ ጣታችሁን መጋጠሚያው ላይ አኑሩ። ዓይን የማያየውን ንቅናቄ ጣት ያውቀዋል። ያ ሲላላ የምሰሶው ገመዶች ይረግባሉ፣ የፊት ሸራው ይነፋል፣ ጀልባዋም ወደ ጎን ትንሸራተታለች።

ብዙዎች ዳዶውን ጥብቅ አድርገው ይተዉታል። ይሄ መጋጠሚያው ላይ ያለውን ኮምፔንሳቶ ይጨፈልቃል እንጂ አያድነውም። ቡሎኑን አውጡና ቀዳዳውን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ከገባ በስብሷል። የበሰበሰውን ጠርጋችሁ አድርቁ፤ ቀዳዳውን አስፉና ወፈር ባለ ኢፖክሲ ሙሉት። ሲደርቅ በቡሎኑ ልክ እንደገና ብሱ። ሮንዴላውን ሰፋ ያለ አድርጉት።

ስትዞር መሀል ላይ ትቆማለች

ቀላል ስለሆነች የራሷ ግፊት የላትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። ፍጥነት ይዛችሁ ግቡ፣ መሪውን በቀስታ አዙሩ። የፊት ሸራው ከጀርባው ነፋስ ይዞ አፍንጫዋን እስኪገፋላችሁ አትልቀቁት። ቆማ ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረች መሪውን በተቃራኒው ያዙ፤ ራሷ ትዞራለች።