ለጋራዥ የሥራ ቦታ የኤልኢዲ ቱቦ ሲመርጡና ሲገጥሙ

በጋራዥዎ ውስጥ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ፣ መብራት ከመግዛትዎ በፊት የሥራ ጠረጴዛው የት እንደሚቀመጥ ይወስኑ። ብዙ ሰው ቱቦውን በክፍሉ መሐል ይሰቅላል፤ ጠረጴዛው ግን ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ፣ ሠሪው ለመብራቱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያጎነብስ የገዛ ጥላው በእርሳስ ያሰመረውን መስመር ይሸፍንበታል። ስለዚህ አንዱን ቱቦ ከራስዎ ጥቂት ወደ ፊት፣ ከጠረጴዛው ርዝመት ጋር ትይዩ አድርገው ይስቀሉት።

ሲመርጡ ከዋቱ ይልቅ ሉመኑን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን የሚለካውን ቁጥር፣ ይመልከቱ፤ ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚፈጀውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ያለው ነጭ ብርሃን ለሥራ ይስማማል። የሚርገበገብ ቱቦ ግን በፍጹም አይግዙ፤ የሚሽከረከረውን መጋዝ የቆመ ሊያስመስለው ይችላልና።

አጥብቄ የማሳስበው የድሮውን የፍሎረሰንት መያዣ መልሶ ስለመጠቀም ነው። አንዳንዱ የኤልኢዲ ቱቦ ከነባላስቱ (በመያዣው ውስጥ ሆኖ ለፍሎረሰንት ቱቦ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከሚቆጣጠረው መሣሪያ ጋር) ይሠራል፤ ሌላው ባላስቱ ተነቅሎ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር መያያዝ አለበት፤ ከእነዚህም መካከል ኤሌክትሪክን በአንድ ጫፍ ብቻ የሚቀበሉና በሁለቱም ጫፍ የሚቀበሉ ስላሉ፣ ከቱቦው ጋር የመጣውን የአገጣጠም ሥዕል ሳያዩ ሽቦ አይንኩ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ብሬከሩን አውርደው መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለበት በቴስተር ያረጋግጡ። ባላስቱን ካወጡ በኋላም፣ ወደፊት ሌላ ሰው የፍሎረሰንት ቱቦ እንዳይከትበት በመያዣው ላይ በግልጽ የሚነበብ ማስታወሻ ይለጥፉ።