«ሞተሩ ውስጡ ይጽዳ» ሲሉዎት ከመክፈልዎ በፊት

መኪናዎን ለሰርቪስ ያስገቡበት ድርጅት የሞተር ውስጥ ማጽዳትን ሂሳቡ ላይ ከጨመረበት፣ መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱ። የጥገና ሰንጠረዡ ላይ ከሌለና ሞተሩም ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ካልተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቱም ካልቀነሰ አይክፈሉ። ምልክት ካለ ደግሞ ካንዴላውና የአየር ፊልትሮው ይቅደሙ። የአዳማ ነፋስና አቧራ ፊልትሮውን መጽሐፉ ከሚለው ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይደፍነዋል።

ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ ይመልከቱ። ስስ ቡናማ ቅባት ጤናማ ነው፤ ፍላሽ (ሞተሩን ውስጡን በኬሚካል ማጠብ) አያስፈልገውም። የረጋ ጥቁር ጭቃ ካዩ ግን ይጠንቀቁ! ኃይለኛ ኬሚካል ጭቃውን በአንድ ጊዜ ሲያላቅቀው የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይደፈናል፤ ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፣ ሞተሩ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ይልቁንስ ዘይቱንና ፊልትሮውን በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሦስቴ ይቀይሩ፤ ቀስ ብሎ ይጠራል።

ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ለየት ይላል። ቤንዚኑ የመግቢያ ቫልቮቹን ስለማያጥባቸው ካርቦን ይጋገርባቸዋል፤ ሰልባቲዮ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃም አይደርስባቸውም። እዚህ ላይ «ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቱቦ) ተፈቶ ነው ቫልቮቹ የሚጸዱት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነና ሞተሩም ምልክት ካሳየ መክፈሉ ተገቢ ነው።