ከዜሮ በታች የወረደው የቡና መኪና ክብደት

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ያለው የመኪና ሚዛን ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቷል። ቀላል መኪና ሲወጣበት ፕሮግራሙ ልክ ይመዘግባል፤ ቡና የጫነ ተሳቢ ሲመጣ ግን -25,536 ኪሎ ግራም ይጽፋል። የሚዛኑ የራሱ ማሳያ 40,000 ይላል። መዛኙ አባት «ልጄ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል» አሉኝ፤ ሚዛኑ ግን ጤነኛ ነበር።

ፍንጩ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ 65,536። ሚዛኑ ክብደቱን የሚልከው በ16 ቢት (እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 በሆኑ 16 አሃዞች) ነው፤ 16 ቢት ደግሞ በትክክል ይህን ያህል የተለያዩ እሴቶች ይይዛል። 40,000 በባይናሪ (በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፍ የቁጥር ሥርዓት) 1001 1100 0100 0000 ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ምልክት አልባ ነው (አሉታዊ አይሆንም) ከተባለ የግራው ጫፍ ቢት ዋጋ 32,768 ነው፤ የቀሪዎቹ 7,232 ሲታከልበት 40,000 ይሆናል። ምልክት አለው (አሉታዊም ሊሆን ይችላል) ከተባለ ያው ቢት -32,768 ይሆንና ድምሩ -25,536 ይወጣል። አንድም ቢት አልተለወጠም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው። ይህ አሉታዊ ቁጥርን የመጻፊያ ዘዴ እጅግ ያስደንቀኛል፤ አንድ የመደመሪያ ሰርኪዩት ለሁለቱም ዓይነት ቁጥሮች ይበቃልና።

ፕሮግራሙ የተጻፈው ጃቫ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጃቫ «ሾርት» (ባለ16 ቢት የቁጥር ዓይነት) ሁልጊዜ ምልክት ስላለው ከ32,767 በላይ አይይዝም። ስለዚህ እሴቱን ወደ 32 ቢቱ «ኢንት» አዛውሬ ከ65,535 (የታችኞቹ 16 ቢቶች ሁሉ 1 ከሆኑበት ቁጥር) ጋር በቢት ደረጃ «እና» አደረግሁት፤ ይህ በሁለቱም ቁጥሮች 1 የሆኑትን ቢቶች ብቻ ያስቀራል፤ 40,000 ወጣ።

ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የሚዛናችሁን መመሪያ አንብቡ። የዚህኛው ሚዛን የመቀነስ ምልክቱን ለብቻው በሌላ ባይት (በ8 ቢት) ይልካል። በዚያው 16 ቢት ውስጥ አሉታዊ ቁጥር የሚልክ ሚዛን ከሆነ፣ ባዶው ሚዛን -20 ሲል 65,516 ኪሎ ግራም ትመዘግባላችሁ።