የእማዬስ ሰባት ቤት? ከፔንሲልቬኒያ እስከ ራይን ዳር የዘር ሐረግን እንዴት እንፈልጋለን

ልጆቼ በእናታቸው በኩል የፔንሲልቬኒያ ጀርመኖች ናቸው። በእኔ በኩል ሰባት ቤት መቁጠር ያውቃሉ፤ አባቴ በስልክ እያስደገመ ነው ያስጠናቸው። አንድ ቀን ታዲያ ትልቋ ልጄ «የእማዬስ ሰባት ቤት እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ስንፈልግ የተማርነውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1683 ከጀርመኗ ከተማ ከክሬፌልድ የመጡ 13 ቤተሰቦች ፊላደልፊያ አጠገብ ሰፈሩ፤ ቦታው ጀርመንታውን ተባለ። ብዙው ሕዝብ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፦ ከደቡብ ምዕራብ ጀርመን ግዛቶች፣ ከፕፋልዝ፣ ከባደን፣ ከቩርተምበርግ። በራይን ወንዝ ወርደው ሮተርዳም ይደርሳሉ፣ እንግሊዝ አገር ወደብ ይነካሉ፣ ከዚያ አትላንቲክን ያቋርጣሉ። ለመርከቡ የሚከፍለው ያጣ ሰው እዳውን በዓመታት አገልግሎት ይከፍል ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ከራሳችሁ ተነስቶ አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዘልላችሁ ጀርመን አትግቡ። እኔ የቤተሰቡን ስም ብቻ ይዤ የጀርመን መዝገብ ውስጥ ገብቼ ወራት አባክኛለሁ። በዚያ ስም የሚጠራ ሰው በየመንደሩ አለ! በነፃ የሚሠራውን ፋሚሊሰርች የተባለ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ክፈቱና በአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ጀምሩ። የ1850ው ቆጠራ በቤቱ ያለውን ነፃ ሰው ሁሉ በስም ይዘረዝራል። ከዚያ በፊት፣ እስከ 1790 ድረስ፣ በስም የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1850 ወደ ኋላ ኑዛዜ፣ የመሬት ወረቀት፣ የግብር ዝርዝርና የመቃብር ድንጋይ ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቤተሰቡ ከቦታው ሳይነቃነቅ ካውንቲው (የአካባቢው የአስተዳደር ክፍል) ይቀየራል። ላንካስተር በ1729 ከቼስተር ተከፈለ፤ በርክስ ደግሞ በ1752 ተቋቋመ። በርክስ ውስጥ የኖረ ሰው የ1745 ወረቀቱ ያለው በርክስ ሳይሆን ቀድሞ በነበረው ካውንቲ መዝገብ ቤት ነው።

ቀጥሎ ስሙ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የድዋይት አይዘንሃወር የሩቅ አያት በ1741 ከካርልስብሩን መንደር ወደ ፔንሲልቬኒያ የመጣ ሰው ነው። የእሱም የፕሬዚዳንቱም ስም በእኛ ፊደል ያው «አይዘንሃወር» ነው። በላቲን ፊደል ግን አጻጻፉ ተቀይሯል። ስለዚህ ስም በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የሚፈለገው። የእንግሊዝ ጸሐፊ የሰማውን ነው የጻፈው፤ በ እና ፐ፣ ደ እና ተ፣ ገ እና ከ ይቀያየሩበታል። አንዳንዱ ስሙን ጭራሽ ተርጉሞታል፦ ሽሚት ስሚዝ፣ ዚመርማን ካርፔንተር ሆኗል። ሴቶችን ስትፈልጉ ደግሞ በጀርመንኛ መዝገብ የቤተሰቡ ስም መጨረሻ ላይ «ኢን» እንደሚጨመር አስታውሱ። ሙለር የነበረው ሙለሪን ይሆናል፤ ሌላ ቤተሰብ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ዮሐን ጌኦርግ፣ ዮሐን ፔተር፣ ዮሐን ሚካኤል ብታገኙም አትደንግጡ። ሰው የሚጠራው በሁለተኛው ስም ነበር።

ወደ መርከቡ እንሂድ። ከ1727 ጀምሮ ፊላደልፊያ የሚደርሱ ጀርመኖች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን ቃለ መሐላ ይፈጽሙ ነበር። ዝርዝሩ በ1934 በሦስት ቅጽ ታትሟል፤ አንዱ ቅጽ የፊርማዎቹ ፎቶ ነው። ፊርማውን እዩት። የመርከቡ ካፒቴን የተሳፋሪ ዝርዝር በእንግሊዝ ጆሮ የተጻፈ ነው፤ መሐላው ላይ ግን መጻፍ የሚችለው ሰው በራሱ እጅ በጀርመን አጻጻፍ ፈርሟል። የማይችለው ጸሐፊው በጻፈለት ስም መሃል መስቀል ያደርጋል። ያ ፊርማ በኋላ ከኑዛዜው ፊርማ ጋር ይመሳከራል። የሚምሉት 16 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ስለሆኑ ሚስትና ትናንሽ ልጆች እዚያ ከሌሉ አልመጡም ማለት አይደለም። ከሰውየው ስም በላይና በታች ያሉትን ስሞችም ቅዱ። የአንድ አገር ሰዎች አብረው ተሳፍረው አብረው ይሰለፋሉ።

አሁን ዋናው ቁልፍ ላይ ደረስን። እኛ ኢትዮጵያውያን ወዲያው የሚገባን ነገር ነው፦ አበልጅ። የሉተራንና የሪፎርምድ (ሁለቱም ፕሮቴስታንት ናቸው) አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት መዝገብ የልጁን ስም፣ ወላጆቹን፣ ቀኑንና ክርስትና ያነሱትን ሰዎች ይጽፋል። ክርስትና የሚያነሳው ማን ነው? እህት፣ ወንድም፣ ወይም የአገር ልጅ። የእናንተ ሰው መንደሩን የትም ላይጽፍ ይችላል። የአበልጁ መንደር ግን በመቃብር ድንጋይ ወይም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የሁሉንም ልጆች አበልጆች በአንድ ወረቀት ላይ አሰልፏቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመላለሰውን ስም ያዙና የእሱን አገር ፈልጉ።

ቀን ስታመሳክሩ ተጠንቀቁ። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ሕግ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ነበር፤ በዚያ ዓመት ደግሞ 11 ቀን ዘልለዋል። በሁለት አቆጣጠር ለኖርን ሰዎች ይህ አይከብደንም።

የመንደሩን ስም ስታገኙ ያኔ ጀርመን ግቡ። ብዙ የፕሮቴስታንት መዛግብት አርኪዮን በተባለ ድረ ገጽ ላይ በክፍያ፣ ብዙ የካቶሊክ መዛግብት ደግሞ ማትሪኩላ በተባለው ላይ በነፃ አሉ። ጽሑፉ ኩረንት የሚባል አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ የቤተሰቡን ስም በኩረንት አስር ጊዜ በእጃችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ገጹ ላይ ዓይናችሁ ራሱ ይለየዋል።

ጥምቀቱን ስላገኛችሁ ብቻ ግን ሥራው አላለቀም። የዚያኑ መንደር የቀብር መዝገብ አገላብጡ። ያገኛችሁት ሕፃን በሦስት ዓመቱ ሞቶ፣ ስሙ ለታናሹ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ይደረግ ነበር። ወይም ሰውየው እዚያው አግብቶ፣ እዚያው አርጅቶ ይሆናል። ሁለቱም ካልሆነ ወደ ጥምቀቱ ገጽ ተመለሱና ጠርዙን እዩ። አንዳንድ ቄስ ከስሙ ጎን በጥቂት ቃላት «ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄደ» ብሎ ጽፏል።