አንድ የጎደለች ክፍት ቦታ

በትእዛዝ መስመር ለሚሠራው የሂሳብ አያያዝ ፕሮግራም፣ ለሌጀር፣ የአማርኛ መመሪያ ጽፌ ለእድራችን ሰጥቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ያዣችን ደውለው «ልጄ፣ የቡናው ወጪ ሪፖርቱ ላይ ተበታተነብኝ» አሉኝ። ፋይላቸውን ስከፍት «ወጪ:ቡና 250» የሚል ሂሳብ ተፈጥሯል፤ ብሩ ከስሙ ጋር ተጣብቋል።

ሌጀር በሂሳብ ስም ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ ይፈቅዳል። ስለዚህ ስሙንና ገንዘቡን የሚለየው ቢያንስ ሁለት ክፍት ቦታ ወይም ታብ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ 250 የስሙ አካል ይሆናል። ገንዘቡ የወጣበትን ሂሳብ በሚያሳየው ሌላው መስመር ላይ -250 ስላለ ደግሞ ፕሮግራሙ የጎደለውን ራሱ ሞልቶ ሂሳቡን ያመጣጥነዋል፤ የስህተት መልእክት የለም። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ምሳሌውን የቀዱት ከእኔ መመሪያ ነው፤ ወደ ድረ ገጽ ቅርጽ (ኤችቲኤምኤል) ስቀይረው ሁለቱ ክፍት ቦታዎች አንድ ሆነው ታይተዋል።

ምሳሌዎቹን ሁሉ ክፍተት በሚጠብቀው «ፕሪ» በተባለው የኤችቲኤምኤል ምልክት ውስጥ አስገባኋቸው። ቀጥሎ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ፦ ምሳሌዎቹን ከተዘጋጀው ገጽ ላይ አውጥቶ ሌጀርን «ፔዳንቲክ» በሚባለው አማራጭ ያስኬዳል፤ አስቀድሞ ያልታወጀ ሂሳብ ካገኘ ይቆማል። በመጀመሪያው ሙከራ ሌሎች ሦስት ምሳሌዎች ወደቁ። አሁን ይህን ፈተና ሳያልፍ አዲስ እትም አላወጣም።