ከጆሮ ሥር ያለ እብጠት በመርፌ እንዴት ይመረመራል?

እኛ ጎጃም ከጆሮ ሥር ሲያብጥ ቶሎ የሚባለው «ጆሮ ደግፍ ነው» ነው። ጆሮ ደግፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጎድላል። ወር አልፎት ያልጠፋ፣ ሳያም ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠት ከምራቅ እጢ የተነሣ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ አታስተኩሱት፣ አታስበጡት። ከሞጣም ሆነ ከቢቸና፣ ጤና ጣቢያው ባሕር ዳር ወዳሉት ሪፈራል ሆስፒታሎች እንዲልካችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ የእብጠቱን ታሪክ ያዙ፦ መቼ ጀመረ፣ ያማል ወይ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳላችሁ ወይ። ስትስቁ አፋችሁ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ወይም ዓይናችሁ አልከደን ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ እጢው የፊትን ነርቭ ነክቶ ይሆናል።

ቀጥሎ መርፌው ነው። «እጢ በመርፌ ከተነካ ይባባሳል» እየተባለ ስንቱ ቤቱ ቀርቷል! መርፌው የክትባቱን ያህል ቀጭን ነው፤ በዚህ ቅጥነት ካንሰር ማሰራጨቱ እጅግ ብርቅ ነው። ሐኪሙ እብጠቱን በሁለት ጣቱ ይዞ መርፌውን ለጥቂት ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሳል። ያኔ አትናገሩ፣ ምራቅ አትዋጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደግም ስቶ አይደለም፣ ከተለያየ ቦታ እየወሰደ ነው።

የወጣችው ጠብታ ስላይድ በተባለ ቀጭን መስታወት ላይ ትቀባለች። አንዱ ስላይድ በአየር ይደርቃል፤ ሌላው ወዲያው አልኮል ውስጥ ይገባል፣ ከዘገየ ሴሎቹ ይበላሻሉ።

ከባዱ ሥራ ማይክሮስኮፑ ላይ ነው። በብዛት የሚገኘው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ካንሰር አይደለም፤ በሴሎቹ መካከል ያለው ነገር ጠርዙ እንደ ባዘቶ የተበተነ ነው። አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የተባለው ብርቅ ካንሰር ደግሞ ጠርዛቸው የጠራ፣ እንደ ዶቃ ክብ የሆኑ ኳሶች ያሳያል። ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ጊዜ አለ። አሲኒክ ሴል ካርሲኖማ የተባለውን ካንሰር መለየት ደግሞ ይብሳል፤ ሴሎቹ የጤነኛ እጢ ሴል ይመስላሉ። ስለዚህ ነው ታሪኩን ያዙ ያልኳችሁ፤ ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ስላይዱን የሚያነበው ከታሪኩ ጋር ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሚላን በተባለው አሠራር በስድስት ምድብ ይጻፋል። «በቂ ናሙና አልተገኘም» ማለት ጤነኛ ናችሁ ማለት አይደለም፤ በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲደገም ጠይቁ። «ካንሰር የለም» ተብሎም እብጠቱ ማደጉን ካላቆመ ተመለሱ። የብርቅዬዎቹ ትክክለኛ ስም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲመረመር ነው። ለቀዶ ሕክምናው ሌላ ሆስፒታል የምትሄዱ ከሆነ የውጤቱን ወረቀት ከነቁጥሩ ያዙ፤ ስላይዱ ተፈልጎ እንደገና ሊታይ የሚችለው በዚያ ቁጥር ነው።